የእናቴ እንጉርጉሮ በሙሴ ደብተር

ሙሴን ለማናደድ እንግሊዛዊ ነህ ማለት ይበቃ ነበር። በቤቱ ተቀጥሬ በገባሁ በሁለተኛው ቀን ሳላውቅ አናደድኩት። የጎረቤት ሠራተኛ ባጥሩ ላይ ብቅ ብላ "የማን ቤት ገባሽ?" ስትለኝ "የእንግሊዙ" አልኳት። እሱ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። አማርኛ አንዲት ቃል አያውቅም፤ "እንግሊዝ" የምትለዋን ግን ጆሮው ለቀም አደረጋት። ተነሥቶ መጣና እንደኔው ስብርብር ባለ ፈረንሳይኛ "እንግሊዛዊ አይደለሁም፤ ኮርኒሽ ነኝ" አለኝ። ጣቱን የውሃ ብርጭቆው ውስጥ ነክሮ ጠረጴዛው ላይ የእንግሊዝን አገር ሣለ፤ ከታች በስተግራ ወደ ባሕር የወጣች ቀጭን ቀንድ ጨመረበት። "ይህች ናት አገሬ፤ ኮርንዎል ትባላለች። የራሳችን ቋንቋ አለን፤ የራሳችን ዘፈን አለን" አለ። የጅቡቲ ሙቀት ሥዕሉን እዚያው አደረቀበት፤ እሱ ግን ገና አልጨረሰም ነበር።

እኔ በልቤ "ፈረንጅ ፈረንጅ ነው፤ ምን ያካብዳል" አልኩ። ያን ጊዜ አዲሱ የኮንቴነር ማራገፊያ እየተሠራ ነበር፤ ሰውየው የባሕሩን ወለል የሚጠርጉትን መርከቦች የሚቆጣጠር መሐንዲስ ነው። ሚስቱ ፈረንሳይኛ እንደ ውሃ የምትጠጣ፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። እሱን ሙሴ፣ እሷን ማዳም ነበር የምላቸው፤ እዚህም በዚያው እቀጥላለሁ። ቤታቸው ከባሕሩ ዳር፣ ፈረንጆቹ በተሰበሰቡበት ሰፈር ነው። እኔ ከዚያ በፊት ካርቲየ 2 በሚባል ሰፈር ከአምስት ያገሬ ልጆች ጋር በአንዲት ክፍል እኖር ነበር። እዚህ የራሴ ክፍል፣ የራሴ አልጋ፣ የራሴ ቬንቲላተር ተሰጠኝ። ምን ጎደለብሽ የሚለኝ ካለ እንግዲህ እስከ መጨረሻው ይስማኝ።

ሙሴ ቫዮሊን ይጫወታል። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከወደቡ ጓደኞቹ ሁለቱ፣ አንዱ አኮርዲዮን አንዱ ዋሽንት ይዘው ይመጣሉ። ዘፈኑን ለመልመድ ጊዜ ወሰደብኝ፤ አንዳንዱ የሠርግ ጭፈራ ይመስላል፣ አንዳንዱ የቀብር። የገረመኝ ግን ዜማው አልነበረም። ሙሴ አንዲትም ዜማ ዝም ብሎ አይጀምርም። ቀስቱን አንሥቶ፣ እንግዶቹን ዙሪያውን አይቶ፣ መጀመሪያ የዜማውን ባለቤት ይጠራል። "ይህችን ከአክስቴ ተማርኳት። አክስቴ ከአባቷ። አባቷ ከመሬት ሥር ቆርቆሮ ሲቆፍር የኖረ ሰው ነው" ይልና የሰውየውን ስም ከነአባቱ፣ መንደሩን ከነወንዙ ይናገራል። እንግዶቹ በረዷቸው እየቀለጠ ብርጭቋቸውን ያያሉ። እሱ ግድ የለውም። በነሱ ዘንድ ወጉ ነው አሉ፤ ዜማ የሰጠህን ሰው ሳትጠራ ዜማውን አትነካም።

አንድ ቀን አንዲት ፈረንሳዊት "የአየርላንድ ሙዚቃ እንዴት ደስ ይላል!" ብላ አጨበጨበች። ሙሴ ቫዮሊኑን ሣጥኑ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ማንም እንዳይጠጣ፣ ማንም እንዳይስቅ አድርጎ አስተማራቸው። ቋንቋቸው ሊጠፋ ምን ያህል ቀርቶት እንደነበር፣ ልጆች ተማሪ ቤት ውስጥ ባነጋገራቸው እንዴት ይሳቅባቸው እንደነበር፣ ማዕድኑ ሲዘጋ ሰዎቹ በዓለም ላይ እንዴት እንደተበተኑ፣ የያዙትም ዘፈናቸውን ብቻ እንደነበር ተናገረ። በተለይ አንድ ነገር ሲያነሣ ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ የገዛ አያቱ ዜማ በትልቅ የዘፈን መጽሐፍ ላይ ታትሞ፣ ከሥሩ "የእንግሊዝ ባህላዊ፣ ባለቤቱ የማይታወቅ" ተብሎ ተጽፎበታል። "ይታወቃል እኮ!" አለ ጠረጴዛውን መትቶ። "አያቴ ነው! አንድ ሰው መጥቶ ቢጠይቅ ኖሮ ሁላችንም እንነግረው ነበር!"

ወጥ ቤት ሆኜ ሰማሁት። እውነቱን ልናገር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አመንኩት። እኔ ጅቡቲ ውስጥ ማን ነበርኩ? አንዷ ከመንዝ ትምጣ፣ አንዷ ከወላይታ፣ አንዷ ከሐረር፣ ለከተማው ሁላችንም "አቢሲን" ነን። ሱቅ ስገባ ባለሱቁ ያገኘውን የአማርኛ ካሴት ከፍ ያደርግና "ያንቺ ዘፈን!" ይለኛል፤ የኔ ይሁን አይሁን ማን ጠየቀው። ያገሬ ልጆችም ቢሆኑ አይሻሉም። አርብ አርብ ካርቲየ 2 ተሰብስበን ከበሮ ስለሌለን ቢጫ ጄሪካን ገልብጠን እየመታን እንጨፍር ነበር፤ እኔ የሰፈሬን ስጀምር "ኧረ እባክሽ የገጠር ልቅሶሽን ተይን" ብለው ያቋርጡኛል። እና አንድ ፈረንጅ በዚሁ ነገር ደሙ ሲፈላ ሳይ፣ የኔን ቁስል በሌላ ሰው ገላ ላይ ያየሁ መሰለኝ።

ወዳጅነታችን የጀመረው ግን በኔ ጥፋት ነው። ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት በሚያስገባው መተላለፊያ ግድግዳ ላይ አንድ ክብ ነገር ተሰቅሎ ነበር፤ ዙሪያው የእንጨት ቀለበት፣ ወለሉ የደረቀ የበግ ቆዳ። እኔ ገና ቀዳዳ ያልወጣለት ወንፊት ነው ብዬ ደመደምኩ። አንድ ቀን ምስር የምለቅምበት ሰፊ ነገር አጣሁና አውርጄ፣ አቧራውን ጠርጌ፣ አንድ ኪሎ ምስር ዘረገፍኩበት። ደግሞ ለመልቀም የሚመች! ከኋላዬ ኮቴ ስሰማ ዞር ብዬ ሙሴን አየሁት። ዓይኑ ምስሩ ላይ ነው። የከበሮ ቆዳ ላይ ምስር እየለቀምኩ እንደሆነ ያወቅኩት ያኔ፣ በጣቱ ጫፉን ነካ ነካ ሲያደርገው ነው። ደነገጥኩ፤ ሻንጣዬን ላስር ነው አልኩ።

ሙሴ ሳቀ። እንባው እስኪወርድ፣ ወገቡን ይዞ ሳቀ። ድሮ በነሱ አገር ይህ ነገር እህል የሚበጠርበት ዕቃ እንደነበር፣ አያቱ ሽንኩርትና ቁልፍ ታጠራቅምበት እንደነበር፣ ዘፈን ሲመጣ ግን ዕቃው ሁሉ ተዘርግፎ ከበሮ ይሆን እንደነበር ነገረኝ። "አያቴን አስታወስሽኝ" አለ። እኔም ስለ ጄሪካኑ ነገርኩት። ጓዳ ሄጄ የዘይት ጄሪካን አመጣሁና መታሁለት። እሱ ቆዳውን መታ፤ ምስሩ ወለል ለወለል ተበተነ። ማዳም መጥታ ሁለታችንንም እንደ እብድ አየችን።

ከዚያ ወዲያ ዘፈን ይጠይቀኝ ጀመር። ገና ልጅ ሆነን ለበዓል የምንለውን፣ የሠርጉን፣ የአጨዳውን ነገርኩት። እያንዳንዱን በትንሽ መቅጃ ይቀዳል፤ ጥቁር ሽፋን ያለው ደብተር አለው፣ እዚያ ላይ ይጽፋል። አንዱን ግን ሸሸግኩት። በኛ አገር ሴት ወፍጮ ላይ ስትቀመጥ ብሶቷን ታንጎራጉራለች። ባሏን ትወቅሳለች፣ አማቷን ትወቅሳለች፤ አማቲቱ ከግድግዳው ወዲያ ሆና እየሰማች ምንም አትመልስም። ወፍጮው እየሄደ የተባለ ነገር ወፍጮው ሲቆም አብሮ ይቆማል፤ ማንም ተነሥቶ "እንዲህ አልሽ" ብሎ አይጠይቃትም፣ ወደ ውጭም አይወጣም። እናቴ በአያቴ ቤት ምራት ሆና አሥራ አንድ ዓመት ስትፈጭ የራሷ የሆነ ዜማ ነበራት። ከሌላ ሴት ሰምቼው አላውቅም። ዜማው መሐል ላይ እንደ መቋረጥ ይልና ድንጋዩ ሲመለስ አብሮ ይመለሳል።

አንድ አሽከርካሪ ያገሬ ሰው ከሸዋ በጭነት መኪናው አንዲት ትንሽ መፍጫ ድንጋይ ከነመጁ አምጥቶልኝ ነበር። ወጥ ቤት ወለል ላይ ተንበርክኬ ዳጣ እፈጭባታለሁ። ቃሪያውና ነጭ ሽንኩርቱ ዓይኔን እያቃጠለኝ ስፈጭ፣ አፌ ሳያስፈቅደኝ ጀመረ።

ወፍጮዬ ስሚኝ ላንቺ ልናገር፣
ሰው አይሰማኝም ካንቺ በስተቀር።
ውሃ ብቀዳም እንጨት ብለቅም፣
ለአማቴ ዓይን ሞልቼ አላውቅም።

ቀና ስል ሙሴ በሩ ላይ ነው። "ይህ ምንድን ነው?" አለ በሹክሹክታ። አፍሬ "ምንም አይደል" አልኩት። ለአንድ ወር ለመነኝ። እየለመነኝም ደጋግሞ ያለኝ "ባለቤቱን ሳልጠራ አልነካውም፤ ታውቂኛለሽ" የሚል ነው። አውቀዋለሁ። ግማሽ ሰዓት የሰውን መጠጥ አስቁሞ ስለ አያቱ ስም የተሟገተ ሰው ነው። እሺ አልኩ። ቆሜ ልዘፍነው ብሞክር ድምፄ እምቢ አለኝ፤ እንደገና ተንበርክኬ ድንጋዩን መግፋት ነበረብኝ። መቅጃውን አጠገቤ ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ስጨርስ ሁሉንም ነገርኩት፤ የእናቴን ስም ከነአባቷ፣ መንደሩን፣ አያቴን፣ አሥራ አንዱን ዓመት። እሱ እያየኝ ሲጽፍ፣ ገጹ ሲሞላ፣ ገልብጦ ሲቀጥል በዓይኔ አየሁ። ደጋግሞም አንዳንዱን "እንዴት ነበር?" እያለ ጠየቀኝ። የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ የፈረንጅ ፊደል የምለየው ከወተት ቆርቆሮና ከመብራት ደረሰኝ ላይ በለመድኩት ነው፣ የእጅ ጽሕፈት አልችልም።

የቤቱ ዘበኛ ሽማግሌ ሶማሌ ነበሩ፤ አዴር እላቸዋለሁ፣ አጎቴ እንደማለት ነው። ከወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ተቀምጠው ሰምተውኛል። "ዋላል" አሉኝ፤ እህቴ ማለታቸው ነው። "የማን ነው?" "የእናቴ" አልኳቸው። "ለፈረንጁ ነገርሽው?" "ነገርኩት፤ ጻፈው።" ራሳቸውን ነቀነቁ። "በኛ ዘንድ የሰው ግጥም የሚያደርስ መጀመሪያ የገጠመውን ይጠራል። ሳይጠራ ያደረሰ ሰው ቢመሰገንም ሌባ ነው" አሉ። እኔም በኩራት "እሱም እንደዚያው ነው የሚለው" አልኳቸው። በኩራት! አሁን ሳስበው የገዛ ምላሴን መንከስ ያምረኛል።

እናቴ ቅዳሜ ገበያ ስትወጣ የአጎቴ ልጅ ሱቅ ውስጥ ባለው ስልክ አገኛታለሁ። ነገርኳት።

"አንቺ ልጅ፣ ያን ከወፍጮ ቤት አወጣሽው?"

"እማዬ፣ ሰውየው እኮ..."

"የሞተችን ሴት ሐሜት አድርገሽ ለነጭ ሰጠሻት?"

አላሰብኩትም ነበር። አያቴ ከሞተች ቆይታለች። እናቴ በሕይወቷ ሳለች ፊት ለፊት፣ ግድግዳ ብቻ መሐላቸው ሆኖ የነገረቻትን፣ እኔ ጅቡቲ ድረስ ወስጄ ለማያውቃት ሰው አፈሰስኩት። የስልኩን እጀታ በሁለት እጄ ያዝኩት።

ቆይታ ግን ጠየቀችኝ። "ስሜን ጽፎታል?"

"በዓይኔ አይቻለሁ። ከነአባትሽ።"

"እንግዲያው ይሁን" አለች። "እኔ ነኝ ያልኩት፤ ሰምታኛለች፤ ልክደው አልችልም። ስሜ ካለበት ብሶት ነው። ስሜ ከሌለበት ግን ሐሜት ነው፣ እኔ አላማሁም። ስሜ ይኑርበት።" ትንሽ አስባ ጨመረችበት። "በፈረንጅ አገር ይጠራ እንጂ በአማርኛ ጽፈሽ እንዳታወጪው፤ የአባትሽ እህቶች ያነባሉ።" ለዚህ ነው እዚህ ስሟን የማታገኙት። ቃሏን ጠብቄ ነው፣ ረስቼው አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የተስፋ ጊዜ ነበር ብል አላጋነንኩም። ሙሴ ሲዲ ሊያሳትም ነው፤ ያገሩ ዜማዎች አብዛኛውን ይይዛሉ፣ የእናቴም አብሮ ይገባል። ካርቲየ 2 ላሉት ነገርኳቸው፤ "የገጠር ልቅሶ" ያሉኝ ሁሉ አፋቸውን ያዙ። እናቴ በሄደች ገበያ ሁሉ "ደረሰ?" ትለኛለች። እሷ ማንበብ አትችልም፤ ስሟ ወረቀት ላይ ታትሞ አያውቅም። "ሲመጣ አንዱን ላኪልኝ፤ የቱ ጋ እንደሆነ በጣትሽ ምልክት አድርጊበት" አለችኝ።

ሲዲዎቹ በካርቶን ታሽገው የመጡት ሙሴ ውሉን ጨርሶ ሊሄድ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ሐሙስ አሥር ሰዓት ግድም በግቢው ውስጥ ድግስ ሆነ። ስድሳ የሚሆን ሰው መጣ፤ ከወደቡ፣ ከኤምባሲዎቹ፣ ከጎረቤት። ጥቁር መደብ ላይ ነጭ መስቀል ያለበትን የአገሩን ባንዲራ ግድግዳው ላይ ሰቀለ። ማዳም "ዛሬ ደንብ ልብሱን ተይው፤ ያንቺን ልበሺ" አለችኝ፤ ጥሩ ቀሚሴን ለበስኩ፣ ነጠላዬን አጣፋሁ። ሦስት መቶ ሳምቡሳ ጠብሻለሁ። ካርቶኑን የከፈቱት እንግዳው ሁሉ ከገባ በኋላ ነው።

ሙሴ ንግግሩን ጀመረ፤ የአያቱን መጽሐፍ ነገር አነሣ፤ "ባለቤቱ የማይታወቅ" የሚለውን ቃል እንደ መራራ ነገር ተፋው። ሰዉ አጨበጨበ። እኔም ሳህኔን በአንድ እጄ ይዤ በሌላው ጭኔን እየመታሁ አጨበጨብኩ። ከዚያ ዜማዎቹ ቀጠሉ፤ አንዱ ከዚህ መንደር፣ ከዚህ ሰው፤ ሌላው ከዚያ መንደር፣ ከዚያች ሴት። ሰባቱንም በስማቸው ጠራ። ሰባቱንም ሰዎች እኔ በቃሌ አውቃቸዋለሁ፣ ስድስት ዓመት ሰምቻቸዋለሁ። ስምንተኛው ላይ ደረሰ።

"ይህ ደግሞ ከአፍሪካ ቀንድ የተገኘ የሴቶች የሥራ ዘፈን ነው" አለ። "ጥንታዊ ነው፤ ባለቤቱ አይታወቅም።"

እኔ ከእሱ ሦስት እርምጃ ላይ ነበርኩ። አየኝና በዓይኑ ጠቀሰኝ። ስጦታ እንደሰጠኝ ሁሉ፣ ፈገግ ብሎ ጠቀሰኝ! ከዚያ የእናቴን ዜማ በቫዮሊን ጀመረው። አሳምሮ ነው የተጫወተው፤ ያችን መሐል ላይ የምትቋረጠዋን ቦታ ሳይቀር አልሳታትም። አበላሽቶት ቢሆን ምንኛ በቀለለኝ። ሰዉ እግሩን መሬት እየመታ አጀበው።

ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ጮኼ "ይታወቃል!" አልኩ። ቫዮሊኑ ቆመ። "ባለቤቱ ይታወቃል! እናቴ ናት! ሰው ናት፣ ስም አላት፣ ነግሬዎታለሁ!" ፈረንሳይኛዬ የወጥ ቤት ነው፣ ግሱም ምኑም ተዘበራርቋል፤ ግን ገባቸው። ቢያንስ የገባቸው መስሎኝ ነበር። አንዲት ሴት ከኋላ ረድፍ ሳቀችና ማጨብጨብ ጀመረች፤ የትዕይንቱ አካል ነኝ ብላ። ሌሎችም ተከተሏት። ስድሳ ሰው አጨበጨበልኝ። እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም፤ ዛሬም እነዚያን መዳፎች ሳስታውስ ደሜ ይፈላል።

ወጥ ቤት ገባሁ። ሙሴ ተከትሎኝ መጣ፤ ማዳምም ከኋላው። ፊቱ ቀልቷል፤ ከማፈሩ ይልቅ ግን ግራ ገብቶታል።

"አስከፋሁሽ እንዴ? ላስደስትሽ እኮ ነው።"

"የእናቴ ስም የት አለ?"

"ሽፋኑ ላይ ቦታ ጠበበ" አለ። "አሳታሚው አሳጥሩ አለን።"

"የእርስዎ ሰባት ሰዎች ተጽፈዋል። የሚጠበው እኛ ዘንድ ሲደርስ ነው?"

"መንደሩን ማን ያውቀዋል? የአፍሪካ ቀንድ ሲባል ሰው ይገባዋል።"

"የእርስዎን መንደር ማን ያውቀዋል? እኔ አውቀው ነበር? ነግረውኝ ነው ያወቅኩት!"

ከዚያ ያችን ነገር አመጣት። "ስሚኝ፤ እንዲህ ያለ ዘፈን የአንድ ሰው አይደለም። የሕዝብ ነው።"

ይህን ያለኝ ያው ሰው ነው። ከበር ውጭ ገና ንግግሩ ያልበረደ፣ የአያቱን ስም ስድሳ ሰው ፊት የጠራ ሰው። የነሱ ሲሆን አያት አለው፣ አክስት አለው፣ ወንዝ አለው፤ የኛ ሲሆን ሕዝብ ብቻ ነው፣ እንደ አሸዋ። በዚህ ወደብ የሚያልፍ አንድ ጆንያ እንኳ የማን እንደሆነ የሚናገር ወረቀት ሳይኖረው አይንቀሳቀስም፤ ያገሬ አሽከርካሪዎች ለዚያች ወረቀት ሲሉ ከከተማው መውጫ ባልባላ ዳር ፀሐይ ላይ ቀናት ይቆማሉ። የእናቴ አሥራ አንድ ዓመት ያለ ወረቀት አለፈ።

"ደብተሩን ያምጡልኝ" አልኩት።

ፊቱ ፈካ። "በደብተሩ ላይማ አለ! ሁሉንም ጽፌያለሁ፤ አየሽኝ እኮ" እያለ እየሮጠ ሄደ፤ አምናለሁ፣ ከልቡ ያለ መስሎት ነበር። ጥቁሩን ደብተር አምጥቶ ገለጠው፤ ገጹን አገኘው፤ በጣቱ መስመር በመስመር ወረደ። ሁለት ሙሉ ገጽ ነው። ጣቱ ግርጌው ላይ ሲደርስ ወደ ላይ ተመለሰ። እንደገና ወረደ።

"ያንብቡልኝ" አልኩት።

አላነበበም። ማዳም በትከሻው ላይ አጎንብሳ አየችና በፈረንሳይኛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ቀስ እያለች ነገረችኝ። ዜማው እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ ተጽፏል። ድንጋዩ ስንት ጊዜ እንደሚሄድና እንደሚመለስ ተጽፏል። ትንፋሼ የት የት እንደሚቆረጥ ተጽፏል። "እንዴት ነበር?" እያለ የጠየቀኝ ሁሉ ይህን ነበር፤ የእናቴን ስም ስነግረው እጁ ትንፋሽ እየቆጠረ ነበር። ከሁሉም በላይ፣ የእሱ ሰዎች ስም በሚጻፍበት የመጀመሪያ መስመር ላይ፣ ሁለት ቃል ብቻ አለ። ማዳም በጣቷ አሳየችኝ። "ሠራተኛችን" አለች። "ወጥ ቤት።"

ስድስት ዓመት በስሜ ሲጠራኝ ኖሯል። ጧት ተነሥቶ የመጀመሪያ የሚጠራው ስም የኔ ነው፤ ካልሲው ሲጠፋ የኔ፣ ውሃው ሲቋረጥ የኔ። ለእናቴ ተቆጥቼ የመጣሁ ሴት፣ እዚያው ገጽ ላይ ራሴን አገኘሁት። ማልቀስ ፈልጌ ነበር። እነሱ ፊት ግን አላለቀስኩም።

"ይቅርታ" አለ ሙሴ። አሁን አፍሯል፤ እውነተኛ እፍረት ነው፣ አልክደውም። እስክሪብቶ ከኪሱ አወጣ። "አሁን እጽፈዋለሁ። ሁለተኛው እትም ላይ ይገባል፤ ቃሌን እሰጥሻለሁ። ንገሪኝ፤ ማን ነበር?"

እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰድኩ። "ሠራተኛችን፣ ወጥ ቤት" የሚለውን ወረቀቱ እስኪቀደድ ሠረዝኩት። ከጎኑ ባለው ባዶ ቦታ፣ በትልልቁ፣ በገዛ ፊደሌ፣ የእናቴን ስም ከነአባቷ ጻፍኩ። ከሥሩ መንደሯን። ከሥሩ የእኔን። ደብተሩን ወደ እሱ አዞርኩት።

"ይህን ማንበብ አልችልም" አለ። "ምን ይላል?"

"እኔ አንዴ ነግሬዎታለሁ" አልኩት።